ከመደርደሪያው ያመጣሁት ባል

ይህ ከሰው የሰማሁት ታሪክ አይደለም። እኔው ላይ የደረሰ ነው። “የደረሰ” ማለቴም ልክ አይደለም፣ ገና አላለቀም።

አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው።

በተከራየሁት ቤት ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። የምጽፈው በስልኬ ነው። የሚያምን ይመን፣ የማያምን ይተወው። ግን ብቻሽን የምትኖሪ፣ አምሽተሽ የምትገቢ ሴት ከሆንሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከእኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ሰው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ባልሽ ነው ይሉኛል።

እኔ ባል የለኝም...

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሲጨንቀኝ ነገር አበዛለሁና ታገሡኝ።

የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ የማታ ፈረቃ። የሆቴል አንሶላ፣ የሰው ሱፍ፣ የሰው ሸሚዝ ሳጥብ አመሽና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ቤቴ ስደርስ አራት ሰዓት ከሃያ ይሆናል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ በድሮው ቤቴ ሳለሁ፣ አንድ ሰው ከአውቶቡስ ፌርማታው ተከተለኝ። ደረጃውንም አብሮኝ ወጣ። ምንም አላደረገኝም። በሬን ስከፍት ቆሞ አየኝና “ብቻሽን ነሽ እንዴ?” ብሎኝ ተመልሶ ወረደ።

ያቺ ጥያቄ ሦስት ወር እንቅልፍ ነሣችኝ። በመጨረሻ ቤት ቀየርኩ።

ነገሩን የነገርኩት ለካውያ ብቻ ነው። ካውያ የሥራ ጓደኛዬ ናት፤ እኔ ያጠብኩትን ሸሚዝ የምትተኩሰው እሷ ናት። ይህን ስም ያወጣንላት ግን ለሥራዋ ብቻ ብለን አይደለም፣ ከነኳት ታቃጥላለች።

“ባል ይኑርሽ” አለችኝ።

“ከየት ላምጣ?”

“ከመደርደሪያው።”

መደርደሪያው ያለው ከማድረቂያው ጀርባ ነው። ሰዎች ልብስ አምጥተው ይሰጡና ይረሱታል። ወይ አገር ይለቃሉ፣ ወይ ይሞታሉ፣ ማን ያውቃል። ዓመት ካለፈው አለቃችን “ውሰዱት” ይለናል። እኔና ካውያ አንድ ማታ ቆመን ባል መረጥን። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ አንድ ሱሪ፣ ሦስት ነጭ ሸሚዝ። ሁሉም የአንድ ሰው ልክ ነበሩ። ካውያ ኮቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ትከሻውን ለካችና “ቁመናው ደህና ነው፣ ተናግሮም አያናድድሽ” አለች። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ጫማውን አሮጌ ጫማ ከሚሸጥ ሰው ገዛሁ። ቁጥር አርባ ሦስት።

ሥራም ያስፈልገው ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር አደረግነው። ሹፌር ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ የት ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲሷ አከራዬ ደግሞ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ቤት አላከራይም የምትል ሰው ናት። ወሬ ይበዛል ትላለች። ስለ ሹፌሩ ስነግራት ፊቷ በራ፣ ቁልፉን በዚያው ቀን ሰጠችኝ።

እንግዲህ ልማዴን ልንገራችሁ።

ከአውቶቡስ ስወርድ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። መስመሩ ላይ ማንም የለም። “ወርጃለሁ... እየመጣሁ ነው... ውሃ ጣድልኝ” እላለሁ፣ መንገደኛ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እስከ ቤት ድረስ አላቋርጥም። አለቃዬ ምን እንዳለኝ፣ እናቴ ስንት ቀን እንዳልደወለች፣ የትኛው ጥርሴ እንደሚያመኝ፣ ሁሉንም እዘረግፍለታለሁ። መጀመሪያ ላይ ለሚከተለኝ ሰው ብዬ ነበር። በኋላ ግን እውነቱን ልናገር... ደስ ይለኝ ነበር። ውሎዬን የምነግረው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ባል ያላቸው ሴቶች እንኳ ከባላቸው ጋር የእኔን ያህል አያወሩም።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ዘበኛውን “ሹፌሩ ገብቷል?” እለዋለሁ። ዘበኛው ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነው የሚያመሸው። ተኝቼ ነበር ማለት ስለሚያሳፍረው ዓይኑን በጨው አጥቦ “አዎ፣ ቅድም ገብቷል” ይለኛል። እየሳቅኩ አልፋለሁ። የእኔ ውሸትና የሱ ውሸት ተጋብተው በሰላም ይኖሩ ነበር።

ጫማውን ቤቴ በር ላይ ትቼው ነው የምወጣው። የራሴን በር ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። “መጣሁ” እላለሁ። ሦስት ጊዜ እተነፍሳለሁ። ከዚያ እከፍታለሁ፣ ሽንት ቤቱን አያለሁ፣ አልጋ ሥር አያለሁ፣ መጋረጃውን እገልጣለሁ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ከደፋሁ በኋላ ነው ቦርሳዬን የማስቀምጠው። እሑድ እሑድ ደግሞ ማንም ያልለበሳቸውን ሦስት ሸሚዞች አጥቤ በረንዳ ላይ አሰጣለሁ፣ ሰፈሩ እንዲያይ።

አንድ ሌላም ነገር ነበር። ከካውያ ጋር ያደረግነው ስምምነት ነው።

“አንድ ቀን በሌሊት ደውዬ ‘ባል እንደሌለኝ ንገሪያቸው’ ካልኩሽ” አልኳት፣ “አጠገቤ የሚያስገድደኝ ሰው አለ ማለት ነው። እንዳታምኚኝ።”

“እና ምን ልበል?”

“ቤት ነው፣ እየጠበቀሽ ነው በይ። ከዚያ ዝጊው። ደግሜ ብደውል አታንሺ። ሊያስለምነኝ ይችላል።”

ካውያ ቃል በቃል ደገመችልኝ፣ ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ። ያን ቀን በብልጠታችን ኮራን።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። በሰላም።

የዛሬ ስድስት ሳምንት፣ እሑድ፣ ሸሚዞቹን ልዘፈዝፍ ስል አንዱ ላይ ዓይኔ ቀረ።

ኮሌታው ላይ።

እኔ የሰው አንገት ከኮሌታው አነባለሁ፣ እንጀራዬ ነው። በረንዳ ላይ የከረመ ሸሚዝ አቧራ የሚይዘው ትከሻው ላይ ነው። ሰው የለበሰው ሸሚዝ ግን ኮሌታው ውስጥ፣ ማጠፊያው ላይ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር ያወጣል።

መስመሩ ነበር።

አሸተትኩት። ላብ ነው። የዚያው ሳምንት ላብ...

የድሮው ባለቤቱ ነው ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። ግን ያንን ሸሚዝ በእነዚህ እጆቼ ከመቶ ጊዜ በላይ አጥቤዋለሁ። ፈትጌ አጠብኩትና ሰጣሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ ላይ ነበር። በሦስተኛው ሁሉም ላይ።

ለካውያ ስነግራት ሳሙናው ነው አለችኝ። እኔም ሳሙናው ነው አልኩ። በሩ ላይ ሦስተኛ ቁልፍ አስገጠምኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ገብቼ ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ ለብ አለኝ። በማግስቱ እጄን አቃጠለኝ። ይህንንም ነገርኳት። “ያንቺስ ይሻላል” አለች፣ “የኔው ባል ውሃ አይደለም ዓይኑንም አይጥድም።” ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አልሳቅኩም።

ከትናንት በስቲያ ደግሞ ዘበኛው ሳልጠይቀው ተናገረ።

“ሹፌሩን ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ። ድምፁ ዘግቷል።”

ቆምኩ። ዘበኛው ያን ማታ አልተኛም፣ እጁ ላይ ሻይ ይዟል። ውሸታም ሰው “አዎ፣ አዎ” ይላል እንጂ ጉንፋን አይጨምርበትም።

“ማን?” አልኩት።

“ባለቤትሽ ነዋ።”

ምን ልበል? ባል የለኝም ልበል? በማግስቱ እቃዬ ውጭ ነው የሚያድረው። “እግዜር ይማረው” ብዬው ደረጃውን ወጣሁ። አልጋ ሥር አራት ጊዜ አየሁ። ማንም የለም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

ዛሬ ማታ እንደ ልማዴ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ “ውሃ ጣድልኝ” አልኩ። አፌ ለምዶ ነው።

ከላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ጠቅ።

የምድጃዬ ማብሪያ ነው። ላላ ስላለች ከሌላው ሰው ምድጃ ትለያለች።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ቀስ ብዬ ወጣሁ። በሬ ላይ ያለው ጫማ የለም። ማንኳኳቱን ተውኩት፣ “መጣሁ” ማለቱንም ተውኩት። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ።

ከውስጥ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ። ቀስ... ብሎ።

ያ መቀርቀሪያ ከውጭ አይከፈትም። ከውጭ አይዘጋም።

“ቆየሽ” አለ አንድ ሰው።

ቁጣ የለበትም። የደከመ ድምፅ ነው፣ ትንሽ የዘጋ። ሚስቱን ሲጠብቅ እንዳመሸ እንደ ማንኛውም ሰው ነው ያለው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አከራዬ የምትኖረው አንደኛ ፎቅ ነው። በሯን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ፎጣ አናቷ ላይ ጠምጥማ ወጣች። ዘበኛውም ከታች ዱላውን ይዞ መጣ።

“ቤቴ ውስጥ ሰው አለ” አልኳት። “የማላውቀው ሰው።”

ዘበኛው ዱላውን ዝቅ አደረገ። “ሹፌሩ ነው” አለ፣ “ከአንድ ሰዓት በፊት እኔው ራሴ ነኝ የከፈትኩለት።”

“ባል የለኝም።”

አከራዬ እጄን ያዘች። እጇ ሞቃት ነበር።

“እንዲህ አይባልም፣ የኔ ልጅ” አለች። “ቢያናድድሽም እንዲህ አይባልም።”

አይደለም፣ ዋሽቼ ነው አልኳት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋሽቼሻለሁ፣ ልብሱም የላውንደሪ ነው፣ ጫማውንም የገዛሁት እኔ ነኝ አልኳት። ስናገር ለራሴም የእብድ ወሬ ሆኖ ተሰማኝ። እሷ ግን እንደ ደህና እናት ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝ፣ ከዚያ መሀል አስገብተውኝ ደረጃውን ወጣን።

በሩ ክፍት ነበር።

ሰውየው መሀል ቤት ቆሟል። ኮቱን ለብሶታል፣ ልክ ነው። ጫማውም ልኩ ነው። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፣ መንገድ ላይ ብታዩት ዞራችሁ የማታዩት ዓይነት ፊት አለው። አከራዬን ሲያይ ጎንበስ አለ።

“ይቅርታ እትዬ፣ በሌሊት አስቸገርንዎት። ጥርሷን አሟት ሰንብቷል። አለቃዋ ደግሞ የጠፋውን አንሶላ በሷ ላይ ጣለባት። እናቷም ይኸው አሥራ አንድ ቀን አልደወሉም። ተከፍታ ነው።”

ክው አልኩ።

ስለ አንሶላው ለካውያ እንኳ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። በዚያ ማንም በሌለበት ስልክ ነው ያወራሁት።

አከራዬ ጉንጬን አየችው። አብጦ ነበር።

“እውነት ጥርስሽን አሞሻል?”

አዎ አሞኛል። ራሴን ነቀነቅኩ።

“ጓደኛዬ ጋ ልደውል” አልኩ። “እሷ ሁሉንም ታውቃለች።” ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ካውያ በሦስተኛው ጥሪ አነሳች፣ እንቅልፏ ላይ ነበረች።

“ካውያ፣ ባል እንደሌለኝ ንገሪያቸው።”



ትንፋሿ ይሰማኛል። እንቅልፉ ሲለቃት ይሰማኛል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ...

“ቆይ፣ ካውያ፣ ስሚኝ፣ ይሄ እንደዚያ አይደለም...”

“ምን ማለትሽ ነው?” አለች። ድምጿን አጠነከረችው፣ ፍርሃቷን ውጣ። “ባልሽ ቤት ነው። እየጠበቀሽ ነው። እኔ ራሴ አሁን አውርቼዋለሁ።”

ዘጋችው።

የመጨረሻዋን ከራሷ ነው የጨመረችው። እኔን ለማትረፍ። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። እንደገና ደወልኩ። ከዚያ አንድ መልእክት መጣልኝ። “አይዞሽ። እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ” ይላል። አልፈርድባትም። እንደ እሷ ያለ ጓደኛ የለም። መልሼ የጻፍኩላትን ሁሉ አንብባዋለች፣ አንዱንም አላመነችውም።

አከራዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ነገሩ አለቀላት።

“ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል” አለች። “ግቢ። ታረቁ።”

መዳፏን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ቀስ አድርጋ አስገባችኝ። እግሬ እምቢ አላላትም። ስዞር የውጭውን የፍርግርግ በር ስባ ዘግታዋለች። ከኪሷ እሷ ጋ ብቻ ያለውን ቁልፍ አውጥታ ቆለፈችው።

“ለደህንነትሽ ነው” አለችኝ በፍርግርጉ መሀል። “በዚህ ሌሊት ተናደሽ ወጥተሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ዕዳው የኔ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥቼ እከፍትልሻለሁ።”

የሁለቱም ኮቴ ወደ ታች ወረደ። ዘበኛው አንድ ነገር ተናገረና አከራዬ ሳቀች።

ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“ጥሩ ጓደኛ አለችሽ” አለ።

ፖሊስ ጋ ደወልኩ። አልከለከለኝም። መታሽ ወይ አሉኝ፣ አልመታኝም። ዛተብሽ ወይ አሉኝ፣ አልዛተም። የአከራይሽን ስልክ ስጪን አሉ፣ ሰጠሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሰው ደወሉና ታርቃችኋል ተብለናል፣ ካልተስማማሽ ጠዋት ጣቢያ ነይ አሉኝ። ሰውየው እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ። እስካሁን እዚያው ነው፣ ቀዝቅዟል።

አልነካኝም። አልተኛም። አንዴ ብቻ ድፍረት አግኝቼ “ማነህ?” አልኩት።

እንዳዘነ ሰው አየኝ።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ስታወሪኝ ኖረሽ?”

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም። ዝም ብዬ ኮቱን አየዋለሁ። ደረቱ ላይ የላውንደሪያችን ቢጫ የልብስ መለያ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ያንን ወረቀት ኮቱን ባመጣሁ ቀን እኔው ነቅዬ፣ እኔው ቀድጄ ጥዬዋለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረኝ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በሩ ሲከፈት ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። ማን ጋ እሄዳለሁ? ያለኝ አንድ ምስክር ካውያ ነበረች፣ አፏን የዘጋሁት እኔው ነኝ።

አሁን ተነሳ።

ወደ እኔ አይደለም። ወደ መስኮቱ ነው የሄደው። መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ቆሟል።

ተነስቼ በጎኑ አየሁ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ አሮጌ ሕንፃ አለ። ደረጃው በውጭ በኩል ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለው። አንዲት ሴት እየወጣች ነው። ነጭ ጋውን ከካፖርቷ ሥር ይታያል፣ የሌሊት ተረኛ መሆን አለባት። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታወራለች። ፈገግ ትላለች።

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ጨለማ የሆነ አንድ በረንዳ ላይ፣ ሁለት የወንድ ሸሚዝ ተሰጥቷል።

ሰውየው እጁን አነሳ።

ከሸሚዞቹ ኋላ፣ በጨለማው መስኮት ውስጥ፣ ሌላ እጅ ተነሳ። ከዚያ የቤቱ መብራት በራ።

መስኮቱን በርግጄ ብረቱን ያዝኩ። “እህቴ፣ አትግቢ” ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ሰውየው አልያዘኝም፣ አፌንም አልዘጋኝም።

ሰምታኛለች። ትከሻዋ ሲደነግጥ አይቻለሁ።

ግን እኛ በሌሊት የሰው ድምፅ ስንሰማ ቀና አንልም። እርምጃ ነው የምንጨምረው።

ጨመረች።